ከፀጉሩ ጥላ መካከል

የወሰዱኝ ከክፍል ነው፤ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጽፌ ወደ ተማሪዎቹ ዞር ስል ርዕሰ መምህሩ ከሁለት ሰዎች ጋር በሩ ላይ ቆመዋል። «ለጥቂት ደቂቃ ይፈልጉሻል» አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ብርሃን ቅንጣት በቅንጣት፣ አንድ በአንድ ቢለቀቅ፣ ሞገድነቱ ወዴት ይሄዳል?» መልሱን ለማግስቱ ነበር ያሰብሁት።

ያሰሩኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። መስኮት የለውም። የገብስ እብቅ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ብርዱም የመንዝ ብርድ ነው፣ ከሲሚንቶው ተነሥቶ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። የቆርቆሮው በር ከራሴ ከፍ ብሎ አንድ የሚስማር ቀዳዳ አለው። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በዚያ ትገባና አውራ ጣት የምታህል ክብ ወለሉ ላይ ታሳርፋለች። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሰዓቴን ስለወሰዱብኝ የጾሙን ሰዓት የማውቀው በእሷ ነው፤ የቅዳሴው ደወል ከሩቅ ሲሰማ ክቧ ወለሉ ላይ ካለው ስንጥቅ ትደርሳለች፤ ያኔ በሶዬን በውሃ አሽቼ እቀምሳለሁ። ለብዙ ቀን ከእሷ በቀር የጎበኘኝ አልነበረም። «መጣሽ?» እላት ጀመር። ሰው ብቻውን ሲከርም እንዲህ ያደርገዋል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ መርማሪው ጠራኝ። ወጣት ነው፣ ሲናገር አይጮኽም። ሁለት ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

«የሂሳብ መምህሩ ወረቀት ሲበትን ማየትሽን ጻፊና ፈርሚ፤ ለፋሲካ አገርሽ ቀየት፣ እናትሽ ዘንድ ነሽ።»

«አላየሁም።»

«መምህር ነሽ ወይስ ፖለቲከኛ? አንዱን ምረጪ፤ አንድ ነገር ሁለት ሊሆን አይችልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቢበት።»

የሂሳብ መምህሩ ባልደረባዬ ነው፣ የሁለት ሕፃናት አባት። ሲበትን አላየሁትም። እናቴ ግን ታማ ነበር፤ ከዚህ ፋሲካ ወዲያ ሌላ እንደማታይ ልቤ ያውቀዋል። ለመፈረም አላሰብሽም ወይ ለሚለኝ አልዋሽም፤ አስቤ ነበር።

ስመለስ ክፍሉ ውስጥ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ከራቤል አገር የመጡ ናቸው። ልጃቸው ሸሽቶ ስለጠፋ በእሱ ፈንታ ይዘዋቸዋል፤ ወደ ሌላ ቦታ እስኪወስዷቸው ነው እዚህ ያስቀመጧቸው።

«አንቺስ በምን ገባሽ?» አሉኝ።

«አስተማሪ ነኝ፣ እማማ።»

«እሱማ ያሳስራል» ብለው ሳቁ። «ምንድን ነው የምታስተምሪው?»

«ስለ ብርሃን።»

«ብርሃን ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ሲነጋ ይመጣል፣ ሲመሽ ይሄዳል!» ክቧ ወለሉ ላይ ወርዳ ነበርና በጣታቸው ከለሏት። «ይኸው። እኛ አገር የጾሙን ሰዓት ጥላ በጫማ ለክተን ነው የምናውቀው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከከለሉት ይጨልማል። አለቀ ትምህርቱ።»

«እሱ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ሕግ ነው፤ ልክ ነው። ግን የሚከልለው ነገር እጅግ ሲቀጥን ሌላ ጠባይ ያሳያል።»

«አሳይኛ!»

ከቀሚሳቸው ጠርዝ ውስጥ የደበቁትን መርፌ ቁልፍ አወጡ። ከመርማሪው ወረቀቶች አንዱን በጫፉ ወጋሁት፤ በሶ በጥቂት ውሃ ለውሼ ወረቀቱን የሚስማሩ ቀዳዳ ላይ ለጠፍሁት።

«አንቺስ አልገደፍሽም» አሉ፤ «በሩን ግን አስገደፍሽው።»

ክፍሉ ጨለመ፤ ክቧ ደብዝዛ ቀረች። ሁለተኛውን ወረቀት ከሥሯ ዘረጋሁ። ከራሴ ፀጉር ልነቅል ስል «ተይ፣ የእኔ ይቀጥናል» ብለው ከሻሻቸው ሥር አንድ ሽበት መዘዙ። ከወረቀቱ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ወጥረው ያዙት። ፀጉሩ እንዳይነቃነቅ ትንፋሻቸውን ያዙ። የፀጉሩ ጥላ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ጎንና ጎኑ ሰንበር ሰንበር አለ፤ ከመካከሉ፣ ከሁሉ ይልቅ ሊጨልም በሚገባው ቦታ፣ አንዲት ቀጭን የብርሃን ክር ታየች።

እማማ አንገታቸውን ወደ ወረቀቱ ሰገግ አደረጉ።

«እዚያ ማን አስገባት?»

«ብርሃኑ ፀጉሩን በሁለቱም ጎን ዞሮ እንደ ውሃ ሞገድ ከመካከል ተገናኘ።»

«ብርሃን ውሃ ነው በያ!»

«ብቻውን አይደለም። እጅግ ሲያሳንሱት እንደ በረዶ ነው የሚወርደው። በረዶ ቆርቆሮ ሲመታ አንዱ ፍሬ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው።»

«ወይ ውሃ ነው ወይ በረዶ፤ አንቺም አታወናብጂኝ!»

«በፀጉር ስንጠይቀው ሞገድ ነው፤ የት አረፍህ ብለን ስንጠይቀው ቅንጣት ነው። ያው እሱ ራሱ ነው፤ አጠያየቃችን ነው መልኩን የሚለየው።»

«እኔም እንዲሁ ነኝ። ልጅሽ የት ነው ሲሉኝ ጅል ነኝ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ወዲያው ጠባቂዋ ከውጭ ጠራቻቸው። ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጥሁ። ሲወጡ ሽበቱን መዳፌ ላይ ትተው «በርቺ፣ የኔታ» አሉኝ። ኮቴያቸው ከራቀ በኋላ ክፍሉ ከበፊቱ ሰፋ።

ክቧ ስንጥቁ ጋ ለመድረስ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ያልተወጋውን ወረቀት አንሥቼ ጻፍሁ፤ ሰሌዳ ላይ ትቼው የመጣሁትን ጥያቄ መልስ። «ብርሃን አንድ በአንድ ሲለቀቅ እያንዳንዱ ቅንጣት አንድ ቦታ ብቻ ያርፋል፤ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ አይታወቅም። ብዙ ሺህ ሲያርፍ ግን የሞገዱ ሰንበር ይወጣል። ሞገድነቱ የትም አልሄደም። ድንጋይም በግም ሰውም ሞገድ አለው፤ ነገሩ ሲገዝፍ ሞገዱ እጅግ ስለሚያንስ አይታይም። ስለዚህ ለትልልቁ ነገር የቀድሞው ፊዚክስ ዛሬም ይበቃል። ኳንተም የሚባለው አዲሱ ፊዚክስ እሱን ሳይሽር በውስጡ ይዞት ወደ ትንንሹ ይወርዳል።»

ከሥሩ ጨመርሁ፦ «ስለ ባልደረባዬ የማውቀው ሂሳብ ማስተማሩን ነው።» ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምሁ።

መርማሪው አነበበው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የማውቀው ነው።»

እንደገና አነበበው። «የእኔ አስተማሪ ይህን ምዕራፍ ዘሎት ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ አጥፎ ከመዝገቡ ጨመረው። «እንግዲህ ፋሲካን እዚሁ ነሽ።»

ፋሲካን እዚያው ዋልሁ። ስፈታ የእናቴ ዐርባ ወጥቶ ነበር።

አሁን የምኖረው ክረምቱ በማያልቅ የሰሜን አገር ነው። አረጋውያን እጦራለሁ እንጂ አላስተምርም። በሁዳዴ እዚህ ፀሐይ ጎንበስ ብላ ስለምትሄድ ጥላው በጫማ ቢለካ አይገጥምም፤ የጾሙን ሰዓት ከስልክ አያለሁ። እማማ ልጃቸውን አግኝተው እንደሆነ አላወቅሁም። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውምና በጸሎቴ «የራቤሏን እናት» ብዬ ነው የማነሣቸው። ሰሌዳው ላይ የቀረውን ጥያቄ ማን እንዳጠፋው፣ ተማሪዎቼም መልሱን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። ካስተማርሁት ሁሉ ተሟልቶ የተቀመጠው ያ አንዱ መልስ ይመስለኛል፤ በአንድ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ታጥፎ፣ በእጅ ጽሑፌ፣ ከሥሩ ስሜ።