ያሳየሁት መቃብር

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ የጦር ካምፕ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ወታደር አልነበርኩም፤ ሲቪል ፖሊስ ነበርኩ። በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ ሴት ስላስፈለገች ከወልቂጤ ተመድቤ ሄድኩ። የሚገቡትን ሴቶች እፈትሻለሁ፣ ስማቸውን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፣ ግቢ ውስጥ ጉዳይ ያለውን ሰው ደግሞ አድርሼ እመልሳለሁ። ወታደሮቹ «ሲቪሏ» ይሉኝ ነበር፤ ክፋት አልነበረውም።

ከካምፑ ጋራዥ ጀርባ የድሮ መቃብር አለ። ካምፑ ከመሠራቱ በፊት ቦታው መንደር ነበር። መንደሩ ሲነሳ ለሰዎቹ ሌላ ቦታ ተሰጣቸው፤ ሙታናቸው ግን እዚያው ቀሩ። ዘመዶች አርብ አርብ ጠዋት እየገቡ እንዲጎበኙ ተፈቅዶ ነበር። ጠመንጃ የያዘ ወታደር ከኋላቸው ቆሞ ዱዓ ማድረግ ስለከበዳቸው አጃቢነቱ ለእኔ ተሰጠኝ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው ይመጣ ነበር። እያደር ቀነሰ። በመጨረሻ ሳያሰልሱ የሚመጡት አንድ ሽማግሌ ብቻ ሆኑ። ሚስታቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለደች በሦስተኛው ቀን ሞታ እዚያ ተቀብራለች። ልጅቱን ብቻቸውን አሳደጉ፤ አሁን ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ሽማግሌው በር ላይ ሲደርሱ «እንደምን አደርሽ ልጄ» ይሉኛል፣ በትራቸውን እንድይዝላቸው ይሰጡኛል፣ ከዚያ ክንዴን ይዘው ይገባሉ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ነበር።

እኔ ያደግኩት ወልቂጤ፣ ጴንጤ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ አናጢ ነበር፤ የሬሳ ሣጥንም ይሠራል። «ነፍስ ከወጣች በኋላ የሚቀረው አፈር ነው» እያለ ነው ያሳደገን። ስለዚህ ሽማግሌው ተቀምጠው ሲጸልዩ እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ሰዓቴን አይ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ የጋራዡ መኪና ማቆሚያ ይስፋ ተባለ። ጉብኝቱ ለሁለት ወር ቆመ። መቃብሩ አይነካም ቢባልም ዶዘሩ ከዳር ያሉትን ጥቂት መቃብሮች ጠርጎ አለፈ። ከእነሱ አንዱ የሽማግሌው ሚስት መቃብር ነበር። ጉብኝቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው የካምፑ አዛዥ የሆነው ሻለቃ አስጠራኝ።

«ነገ ሽማግሌው ይመጣሉ አይደል?»

«አዎ፣ ይመጣሉ።»

«ጭቅጭቅ እንዳይነሳ። አንድ ነገር አድርጊ።»

ምን እንደማደርግ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ከተገፋው የአፈር ክምር ውስጥ፣ መቃብሩ ላይ ተተክሎ የነበረውን እሬት ፈልጌ አወጣሁ። ወደ ሠላሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ያልተነካ መሬት ነበር። እዚያ ተከልኩት፣ ድንጋይ ደረደርኩ፣ ውኃ አጠጣሁት። እጄን ታጥቤ ወደ በሩ ስመለስ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌውን እዚያ አስቀመጥኳቸው። እሬቱን ዳበሱት፤ ድንጋዮቹንም አንድ በአንድ ነኩ። ጸሎታቸውን ጀምረው አቋረጡት።

«ልጄ፣ የባሕር ዛፎቹ ድምፅ በቀኝ ጆሮዬ ነበር የሚመጣው። ዛሬ ከኋላዬ ነው።»

«በቀኝ ያሉት ተቆርጠው ነው አባባ» አልኳቸው።

አንድም ዛፍ አልተቆረጠም ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ከዚያም በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ጸለዩ፤ ማንም ያልተቀበረበት መሬት ላይ።

 በእውነተኛው መቃብር ላይ የጭነት መኪኖች ይቆሙበታል፤ ዘይት ይንጠባጠብበታል። ሾፌሮቹ በዚያ ሲያቋርጡ እኔ ጋራዡን ዞሬ ነበር የምሄደው። ሲስቁብኝ የዘይቱ ሽታ ያመኛል አልኳቸው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ተሰልፈው የመጡ ሴቶችን ፈትሼ ስጨርስ መዝገቡ ላይ ያለው አሥር ስም ነው። እጄ ግን የፈተሸው አሥራ አንድ ሴት ነው። የመጨረሻዋን አስታውሳታለሁ፤ ፊቷን ሳይሆን ሰውነቷን። ስዳብሳት ልብሷ እርጥብ ነበር፤ አዲስ የተቆፈረ አፈር ይሸታል። ዝናብ አልዘነበም ነበር። ዘበኛውን ጠየቅኩት። «አሥር ናቸው፤ ደክሞሽ ነው» አለኝ። ደክሞኝም ሊሆን ይችላል። አባቴ ያስተማረኝን ለራሴ ደጋገምኩት፤ ያን ቀን ግን አላበረታኝም።

ከዚያ ሽማግሌው ሞቱ። ጠዋት አረፉ፤ ረፋድ ላይ የሰፈራቸው ሽማግሌዎች በር ላይ ደረሱ። የሟቹ ኑዛዜ ከሚስታቸው ጎን እንዲቀበሩ ነው። ሻለቃው ለአንድ ጊዜ ብሎ ፈቀደ። ከቀትር በኋላ ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው እሬቱ ወደተተከለበት ቦታ ገቡ። ሴቶች ቀብር ላይ ስለማይቆሙ ልጃቸው ፍተሻ ክፍሌ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከጋራዡ ጀርባ የዶማ ድምፅ ይሰማል።

«እናቴን አላውቃትም» አለችኝ። «ግን አባቴ ከእሷ ዘንድ ሲመለስ ፊቱ ይፈካ ነበር። አሁን ጎኗ ሊሆን ነው፤ ይህ ይበቃኛል።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ዶማው መሬቱን ሲመታ ግን ደረቴን የመታኝ መሰለኝ።

«እህቴ፣ እናትሽ እዚያ አይደለችም» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዶዘሩን፣ እሬቱን፣ ለአባቷ የዋሸሁትን።

አልጮኸችም። ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች።

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«አላውቅም። ስለ ዛፎቹ አንዴ ጠይቀውኛል። ከዚያ በኋላ አልጠየቁም።»

«ሂጂና ቁፋሮውን አስቁሚ» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «ይቅበሩት። አስከሬን አይጉላላም» አለች። ድምፆቹ እስኪያልቁ ድረስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ እኔን አላየችኝም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመልሳ መጣች። ሻለቃው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን መኪኖቹ እንዲነሱና ቦታው በሽቦ እንዲታጠር ተስማማ። ቦታውን እንዳሳይ እኔ ተጠራሁ። ሽማግሌዎቹ፣ ሻለቃውና ልጅቱ ጠጠር የለበሰው ሜዳ ላይ ቆመው ጣቴን ይጠብቃሉ።

ዶዘሩ ምልክት የሚሆን አንድም ነገር አልተወም። መቃብሩ ከጋራዡ ግድግዳ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ያንን ሁሉ አርብ ሰዓቴን እንጂ መሬቱን አላየሁም። ወደ አንድ ቦታ ጠቆምኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ ልጅቱ።

«አዎ» አልኳት።

እዚያው አጠሩት። በወሩ ዝውውር ጠይቄ ወልቂጤ ተመለስኩ፤ አሁን ጣቢያ ውስጥ የአቤቱታ ክፍል ነው የምሠራው።

ባለፈው ዓመት፣ ቦታውን በግምት እንደጠቆምኩ እውነቱን ልነግራት ወስኜ በሚኒባስ ቡታጅራ ሄድኩ። ገበያው መሃል በርበሬ ስትመዝን አገኘኋት። ስታየኝ ሚዛኑን አስቀመጠች።

«ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ። አርብ አርብ እሄዳለሁ። መጀመሪያ አባቴን፣ ከዚያ እሷን። እዚያ ስቀመጥ ልቤ ያርፋል።» ሚዛኑን መልሳ አነሳችና፣ «ያኔ እውነቱን ስለነገርሽኝ አላህ ይስጥሽ» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ገዢ መጥቶ ዋጋ ጠየቃት፤ ዞራ መለሰችለት። እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ። ወደ እኔ ስትመለስ ግን አንድ ኪሎ በርበሬ እንድትመዝንልኝ ጠየቅኳት።