የሰኔ ሚካኤል አፈር

ባለፈው ሳምንት ቢሮዬን ሳጸዳ ክዳኗ የዛገ ትንሽ ጣሳ አገኘሁ። ጎኗ ላይ በራሴ እጅ «ኮሶዬ፣ ሰኔ 12» ተብሎ ተጽፎባታል። ልጥላት ቅርጫቱ ድረስ ወስጄ መለስኳት።

ያኔ ጎንደር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ጥናቴ ሳተላይት የአፈርን እርጥበት እንዴት እንደሚለካ ነበር። ነገሩ ከስሙ ይቀላል። መሬት ሙቀት ስላላት በዓይን የማይታይ ደካማ ሞገድ ከራሷ ታወጣለች፤ እርጥብ ስትሆን የምታወጣው ይቀንሳል። ሳተላይቱ ከራሱ ምንም ሞገድ ሳይልክ ያንን ተቀብሎ ይለካል፤ የክረምት ደመናም ብዙ አያግደውም። እኔ ደግሞ በሚያልፍበት ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ አፈር ቆፍሬ በጣሳ አሽጋለሁ። ከተማ ወስጄ እመዝነዋለሁ፣ በምድጃ አድርቄ እንደገና እመዝነዋለሁ። የጎደለው ውሃው ነው።

ማሳው ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው ኮሶዬ የሚኖሩ የአንድ አዛውንት ገበሬ፣ የአያ በላይ ነበር። መንገድ ዳር ካለችው ምግብ ቤት ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ያሾፉብኝ ነበር።

«ይኸ ሰማይ ላይ የሚሄደው የእኔን ማሳ ለይቶ ያየዋል?»

«የለም አያ፣ ከዚህ እስከ ጎንደር ያለውን አንድ ላይ ነው የሚያየው።»

«እንዲያማ ከሆነ ሸጋ ዓይን የለውም።»

አማካሪዬ የአስር ቀን ናሙና ካላሟላሁ እንደማይፈርሙልኝ ነግረውኛል። ዘጠኝ ነበረኝ፤ አስረኛው፣ ከማስረከቢያው በፊት ሳተላይቱ የሚያልፍበት የመጨረሻው ቀን፣ ሰኔ 12 ላይ ዋለ። በዋዜማው ኮሶዬ ስደርስ አያ በላይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ነገ ሚካኤል ነው። በሚካኤል መሬት አይቆፈርም።»

አንዲት ጭብጥ ናት ብዬ ብለምን አልሰሙኝም። ፊቴ መጥቆሩን አይተው ነው መሰለኝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣሳዬን ራሳቸው ሞልተው አመጡልኝ።

«ምነው ታዝኛለሽ? አፈሩ ያው አፈር ነው። የነገውን ዛሬ አውጥቸልሻለሁ።»

አሽጌ «12» ብዬ ጻፍኩ። ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ሰምቻለሁ፤ ያልሰማሁ መሰልኩ። በማግስቱ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ ጣሳዬን ይዤ ጎንደር ገባሁ።

የሳተላይቱ ቁጥር ሲመጣ ከእኔ አፈር እጅግ እርጥብ ሆነ። አማካሪዬ ጭራሽ ደስ አላቸው። «ዘጠኙ ይስማማል፤ አስረኛው ላይ ሳተላይቱ ተሳስቷል። ምክንያቱን ጻፊው፣ ጥሩ ግኝት ነው» አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የሳተላይቱን ስህተት በአካባቢው ተራሮች እያሳበብኩ ጻፍኩ፤ አማረልኝም። ከዚያ ኮሶዬ ወጥቼ ሳተላይቱ መሳሳቱን ለአያ በላይ ነገርኳቸው። ግራ ተጋቡ።

«ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አደረ እኮ። እርጥብ ነው ካለ ምኑን ተሳሳተ? ሸጋ ዓይን አለው ለካ።»

አፈርኩ። እሳቸው ሊረዱኝ ብለው ነው ያደረጉት፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለአማካሪዬ እውነቱን ስነግራቸው ጥናቴን ሳይፈርሙበት ዘግተው መለሱልኝ። ጓደኞቼ ጥቁር ካባ ለብሰው ፎቶ ሲነሱ ከአጥር ውጭ ቆሜ አየኋቸው፤ በጣም አለቀስኩ። እኔ የተመረቅሁት በዓመቱ ነው።

ዛሬ ይህንኑ አስተምራለሁ፤ የአፈር እርጥበት ካርታ አሁን ስልክ ላይ እንኳ ይገኛል። አያ በላይ ካረፉ ቆይተዋል። ጣሳዋን መደርደሪያው ላይ ከማስቀመጤ በፊት እስክሪብቶ አንስቼ 12 የሚለውን ሰረዝኩና 11 ብዬ ጻፍኩባት።