«ሰንበት ነው» ያልኳቸው አያ ጥሩነህ

ውሸት ነው አልኩ። ዛሬ ጠዋት ዲያቆኑ በሬን አንኳኩቶ «አያ ጥሩነህ አረፉ» ሲለኝ፣ የሰው ሞትም ይቀለድበት ጀመር እንዴ ብዬ ልቆጣው ነበር። ትናንት እኮ አብረን ነበርን። ያውም አጠገባቸው ቆሜ።

ወዳጆቼ፣ ይህችን ወረቀት አንብባችሁ ስታበቁ እንደ ወትሮው ለቀጣዩ አቀብሉ። እንደ ወትሮው ግን አትሳቁ። ለጣሊያኑ ካፒቴን አስተርጓሚም እንዳታሳዩ።

ለማታውቋቸው፦ አያ ጥሩነህ ጠላት ሳይመጣ ከይፋግ ደብረ ታቦር ጨው የሚያመላልሱ ባለበቅሎ ነጋዴ ነበሩ። ጣሊያን በቅሎዎቻቸውን ወሰደና እሳቸውን የካፒቴኑ መኪና ጎማ ጠባቂ አደረጋቸው። በነሱ ቋንቋ ጎሚስታ ይባላሉ። በኛ ቋንቋ ምን እንደተባሉ ታውቃላችሁ፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ፦

ትናንት በቅሎ ነጂ፣ ዛሬ ጎማ ነፊ፤
ተገኘ ከኛ ሰፈር የሮማ ጫማ ሰፊ።

ግጥሟ ከአፌ ወጥታ ሐሙሲት ገበያ ቀድማኝ ደረሰች። እሳቸው ሰምተው አልተቆጡም። «በቅሎዎቼን ወሰዱ እንጂ ኮቴ ማየቴን አልወሰዱም» አሉኝ።

እውነትም ጎማ የሚመርጡት በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ነበር። ያቺ የካፒቴኑ መኪና የመቶ ፈረስ ጉልበት አላት ይባላል። በአዘቦት ቀን ከተማ ለከተማ ስትዞር ትውላለች፤ አልፎ አልፎ በእሑድ፣ ይፋግ አጠገብ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ፣ ከጎንደሩ መኮንን መኪና ጋር ትሽቀዳደማለች። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሞተሯ ነው። አያ ጥሩነህ ሞተሩን ዞር ብለውም አያዩት፤ ጎንበስ ብለው ጎማውን በጥፍራቸው ይጫኑታል፣ ያሸቱታል። «ከጉልበቱ በፊት ኮቴውን» ይላሉ። መቶ ፈረስ ቢኖርህ መሬቱን የምትነካው መዳፍ የምታህል ላስቲክ ናት፤ እሷ ካልያዘች ፈረሱ ሁሉ በባዶ ይጋልባል።

ስለዚህ ለዳገቱና ለጭቃው ጥርሳም ጎማ ነበራቸው። ለሽቅድድሙ ደግሞ ያለቀ፣ ልሙጥ፣ ለስለስ ያለ። ጥርስ በደረቅ መንገድ ይቧጥጣል እንጂ አይይዝም ብለው፣ የኋላዎቹ ሆዳቸውን መሬት ላይ እንዲጥሉ ነፋስ ቀነስ ያደርጉላቸዋል። ሽቅድድሙ ሲያበቃ ግን ልሙጦቹ ተፈተው ጥርሳሞቹ ሳይታሰሩ ዳገት የለም። ይህ የሳቸው ቀኖና ነበር።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካፒቴኑ የሚያጨበጭብለት ሰው ፈልጎ ካሚዮን ላከልን። ተገደን ነው የወረድነው። ቦታ ለመያዝ ግን ተጋፍተናል። እሳቸውን ባንዳ ስንል የከረምነው ሁላችን፣ ነጭ ኩታችንን አጣፍተን መንገድ ዳር ተደረደርን። የማስጀመሪያው መሐረብ ሲወረወር የጎንደሯ መኪና ባዲስ ጥርሳም ጎማዋ አፈር ስትቆፍር፣ የኛዋ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተፈተለከች።

የኛዋ አልኩ? አዎ። የኛ ጠላት የጎንደርን ጠላት ቀደመ ብለን እልል አልን። ከሁሉም የጎላው የኔ ድምፅ ነው፤ ማኅሌት ላይ የሠለጠነ ጉሮሮ አይደል።

ወዲያው የጉና ተራራ በደመና ጠቆረ። ካፒቴኑ ከጎንደሩ ጋር ሊጠጣ ቀረና፣ መኪናዋን ሳይመሽ ነድተህ ደብረ ታቦር አስገባ ብሎ አያ ጥሩነህን አዘዘ። ጥርሳሞቹን አወረዱ፤ መኪናዋን ከፍ የሚያደርገውን ክሪክ ከሥሯ ከተቱ። የመንገዱ ዳር አፈር ልል ነው፤ ክሪኩ እየተንሸራተተ አስቸገረ። ዞር ሲሉ አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ነኝ።

«ደብተራው፣ እስቲ ይችን ደግፍልኝ። በልሙጥ ጎማ ዳገቱን አልወጣውም።»

ሰው ሁሉ አየኝ። ማየት ሥራ አይደለም። ማጨብጨብም ሥራ አይደለም። በጠላት መኪና ሥር መንበርከክ ግን ሥራ ነው፣ ያውም ኩታዬ ታጥቦ ሳለ።

«ሰንበት ነው፣ አያ ጥሩነህ» አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። እሳቸው መዳፌን አዩት፤ ከጭብጨባው ብዛት ገና እንደቀላ ነበር።

«እጅህ እኮ ሲሠራ ነው የዋለ» አሉና ወደ ክሪካቸው ተመለሱ። ብቻቸውን ሲታገሉት ካሚዮኑ ጥሩንባ ነፋልን፤ ተሳፈርን። ዝናሙ የያዘን ከተማ ልንገባ ስንል ነው።

ዛሬ ሲነጋ መንገደኞች መኪናዋን ከከተማው በታች ካለው ጠመዝማዛ፣ ገደሉ ሥር አገኟት። የኋላ ጎማዎቿ ልሙጦቹ ናቸው። ጥርሳሞቹ ወንበሩ ላይ ተጭነዋል።

አሁን የሚሉትን ስሙ። «የሮማን ጫማ ሰፊ ሮማ ትቅበረው።» የገዛ ግጥሜን መልሰው ለኔው ነገሩኝ። የማኅበራቸው ሰዎች ቃሬዛውን አንሸከምም ብለዋል። ባለቤታቸው ሰው ይመጣ እንደሆነ ደጅ ደጁን እያዩ ተቀምጠዋል።

ወዳጆቼ፣ ቀብሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው። ግጥሟን ከቻላችሁ እርሷት፤ ካልቻላችሁም እያላችኋት ኑ። የሳቸውን ጎማ አይተን እልል ያልን ሁሉ ትከሻ አለን። ዛሬ ደግሞ ሰኞ ነው፤ ሰንበት ነው አይባልም።

አያ ጥሩነህ፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን አላምነውም፤ ብዙ ያወራ አፍ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አቀበት በትናንቱ ዝናም ጭቃ ሆኗል። ከጉልበቱ በፊት ኮቴውን ብለውኝ የለ? አይቼዋለሁ። የጫማዬ ታች አልቆ ልሙጥ ሆኗል፤ አውልቄዋለሁ። በባዶ እግሬ፣ ጣቴን ጭቃው ውስጥ እየተከልኩ ነው የምሸከምዎ።

ይረፉ፣ አያ ጥሩነህ። ይችን ዳገት አንንሸራተትም።