ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት

በአገሯ ተማሪዎቿ ያወጡላት ስም «ቀይ እስክሪብቶ» ነበር። ፊት ለፊት ማን ደፍሮ! ከኋላዋ ግን መምህራኑም ሳይቀሩ ይሏታል። አሥራ አምስት ቀን የቀረ ልጅ ስሙ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ታሰምርበታለች፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

ጡረታ ስትወጣ ዘመድ አዝማዱ «እንግዲህ ዕረፊ» ቢላት፣ ንባብ ላስተምር ብላ በበጎ ፈቃደኝነት ባሕር ተሻገረች። «በዚህ ዕድሜሽ ምን አቅብጦሽ?» ላሏት ሁሉ «እጄ ሥራ መፍታት አይችልበትም» ትላለች። የሆዷን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። ከዓመታት በፊት ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት የነበረች ልጅ፣ የታመመች እናቷን ስታስታምም ቆይታ በአሥራ ስድስተኛው ቀን መጣች። ስሟ ተሰርዟል። «መመሪያ ነው» አለቻት መምህሯ። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ከበሩ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም።

በአዲሱ ከተማ የሰጧት መኖሪያ ክፍል ከአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በጓሮ በኩል የሚወጣ የብረት ደረጃ። በማግስቱ አርባ ሦስት ልጆች ፊት ቆማ መዝገቡን ገለጠች። የሰው አገር ስም ምላሷ ላይ ስላልለዘበ በቁጥር ጠራች።

«አሥራ ሰባት!»

«አለች!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ቀና ብትል በመስኮቱ ጥግ ያለው መቀመጫ ባዶ ነው።

«የት አለች?»

«አለች፣ መምህር!»

«ታዲያ ለምን አትታየኝም?»

«መነጽር ይለውጡ፣ መምህር!» አለ አንዱ ቀልደኛ፣ ክፍሉም በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን ዓይኗን ከባዶው መቀመጫ አልነቀለችም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም «አለች!»

ርዕሰ መምህሩ፣ ልጇ የሚሆን ትሑት ሰው፣ ነገሩን አፍረጠረጠላት። «እዚህም ደንቡ አሥራ አምስት ቀን ነው። ጓደኞቿ እንዳትሰረዝባቸው ነው የሚጮኹት። ያለፈው አስተማሪ ቀና ብሎ አያይም ነበር። ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ፤ እስከ ዓርብ ካልመጣች እርስዎ ይሰርዟት።»

ከሰዓት በኋላ፣ ቋንቋው እንዲገራላት፣ የነገውን ምንባብ መኖሪያ ክፍሏ ውስጥ ጮክ ብላ ትለማመዳለች። ማንበብ ስትጀምር የብረቱ ደረጃ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ኮቴው በሯ ላይ ይቆማል። እሷ ዝም ስትል ይወርዳል። በሩን ግን አትከፍትም፤ ደብተር ያቀፈች ልጅ ቆማ የምታገኝ ይመስላታል።

«እትዬ፣ ከሰዓት ማነው ወደኔ የሚወጣው?» አለቻት ልብስ ሰፊዋን።

«እኔ እንደሁ ማሽኔ ጆሮዬን በልቶታል። ምነው፣ መንፈስ መጣብሽ?»

«እንጃ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው መንፈስ ከሆነ አደራ፣ ኪራይ ይክፈል!»

እሷ ግን አልሳቀችም።

ሐሙስ ከሰዓት መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ማስመሪያውን የአሥራ ሰባተኛዋ ስም ላይ አጋደመች፣ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች። ልቧን ላረጋጋ ብላ ማንበብ ስትጀምር፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ኮቴው በሩ ላይ ቆመ። በዚህ ጊዜ አላቋረጠችም፤ በቃሏ የያዘችውን እያነበነበች በባዶ እግሯ ተነሳችና በሩን በረገደችው።

አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ጀርባዋ ላይ የታዘለ ሕፃን ተኝቷል። ከንፈሯ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ገና እየደገመ ነበር።

«ማነሽ አንቺ?»

«አሥራ ሰባት» አለች ልጅቷ።

መምህሯ የበሩን መቃን ያዘች።

«እናቴ ሥራ ጀመረች፤ እስክትመለስ እኔ ነኝ የማዝለው። እርስዎ ሲያነቡ ትምህርቱ እንዳያመልጠኝ...» ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ካለው መዝገብ ላይ አረፈ። «ሊሰርዙኝ ነው?»

ያቺኛዋ ያልጠየቀችው ጥያቄ ነው። መምህሯ እጇን ይዛ ወደ ታች አወረደቻት።

ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑን አየት አድርጋ፣ «መንፈስሽ ሽንት ጨርቅ ይፈልጋላ!» አለች። ነገሩን ስትሰማ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ጠዋት ጠዋት እዚህ ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ይተኛልኝ። አምስት ያሳደግሁት በዚህ ማሽን ጩኸት ነው፤ የእናቱን ነገር ለኔ ተዪው» አለች።

ዓርብ ጠዋት «አሥራ ሰባት!» ሲባል ክፍሉ እንደ ልማዱ «አለች!» ብሎ ጮኸ። ከጩኸቱ በኋላ፣ ዘግየት ብሎ፣ ከመስኮቱ ጥግ «አቤት» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ቀልደኛው እንኳ ዞሮ አያት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ያለፋትን ልታካክስላት ልጅቷን መኖሪያ ክፍሏ አስቀምጣ አብረው ያነቡ ጀመር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ደረጃው ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ልጅቷ ቀና አለች። «መምህር፣ ሰው መጣ።»

ኮቴው በሩ ላይ ቆመ። መምህሯ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማንም የለም፤ የብረቱ ደረጃ ብቻ ፀሐይ ላይ ይብለጨለጫል። አልዘጋችውም። የራሷን ወንበር ጎትታ ለያቺኛዋ ደፉ ላይ አስቀመጠችና እሷ ራሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው እንጀምር» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።