አሰብ ላይ ቤንዚን የሚቆጥቡት አለቃዬ

ዛሬ ጠዋት አምቡላንሳችን ምጥ የያዛትን ሴት ከበይሉል መንደር ይዞ ሲመጣ፣ መሀል በረሃ ላይ ሁለቴ አስነጠሰውና ቀጥ አለ።

ያንን ሞተር ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ነዳጅ የሚመጥነው ኮምፒውተር ተቃጥሎ ምትክ ሲጠፋ፣ ከአንዲት ትንሽ መኪና ፈትቼ ገጠምኩለት።

የትንሽ መኪና ኮምፒውተር ግን ለትልቅ ሞተር የሚበቃ ነዳጅ አይሰጥም። ስለዚህ የአየር መለኪያውን ስፕሪንግ፣ ሞላውን፣ አላልቼ ነዳጁ እንዲጨምር አደረግኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያለ ችግር ሠራ።

"ትናንት አለቃሽ መልሰው አጠበቁት እኮ" አለኝ ሾፌሩ አህመድ። "ቤንዚን ፈጀ ብለው።"

ቤንዚን ለመቆጠብ! ያውም የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እሳት በቢሮአቸው መስኮት እየታየ!

ሄጄ ስጠይቃቸው፣ ጋራዡ ሁሉ እየሰማ "ድሮም ሴት የነካችው ሞተር!" አሉኝ።

"ጓድ፣ መጨረሻ የነካው ማን ነው?" አልኳቸው። ወሬ ቀየሩ።

ሴትዮዋ ዓሣ በጫነ መኪና ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላግላለች፤ ተመስገን ነው። ልጁ የዓሣ ሽታ ለምዶ ተወለደ።

ሥራችሁን አበላሽቶ እናንተኑ የሚወቅስ አለቃ የገጠማችሁ፣ እስቲ አውሩኝ።

እኔ ሞላውን መልሼ አላልቼዋለሁ። ከእንግዲህ እሳቸው በነካኩት ሞተር እኔ ጥፋተኛ አልባልም።