ሀብተ ሥላሴ የቀነሳቸው ፈረሶች

የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለ መኪናው ጉልበት ሲያወራ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን መተው ነው። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ቀይሮ «ሠላሳ የፈረስ ጉልበት ጨመረልኝ» ይላል፤ የጨመረው ግን ጩኸት ብቻ ነው። የአየር ማጣሪያ አራግፎ «ሌላ መኪና ሆነች» ብሎ ይምላል። መካኒኩም ከእሱ አይሻልም፤ ሾፌሩ መስማት የሚፈልገውን ቁጥር ጠርቶ በሰላም ያሰናብተዋል። አዋሽ ከተማ ውስጥ ግን ሾፌሮች እየተነጫነጩም ቢሆን የሚያምኑት አንድ ሰው አለ። «ስንት ፈረስ ጨመረ?» ሲሉት «አሥራ ሁለት» ብሎ ዝም ይላል። «ሃያ በለው እንጂ ጋሼ!» ቢሉት፣ «ሃያ ከፈለግህ ሌላ ጋራዥ ሂድ» ይላቸዋል። ስሙ ሀብተ ሥላሴ ነው።

የመንዝ ሰው ነው። ለአንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ ወደ ቆላ ወረደና እዚያው ቀረ። መጀመሪያ ሰመራ ጋራዥ ከፈተ፤ ሙቀቱ ሲያንገሸግሸው ወደ አዋሽ መጣ፣ አዋሽ የሚቀዘቅዝ ይመስል። ሚስቱ ሙሉሐረግ ሰመራን ሁለት በጋ ከቻለችው በኋላ «ሲበርድ እመለሳለሁ» ብላ እናቷ ዘንድ ደብረ ብርሃን ገባች። ሰመራ አልበረደም፤ እሷም አልተመለሰች። ልጃቸው ራሄል አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች፣ በዓል በመጣ ቁጥር ትደውላለች። «አባዬ ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «ሙቀቱስ?» «ይመስገን፣ ደህና ነው።» ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ የሚሉት ይጠፋቸውና፣ በቃ ሂሳብሽን አትጨርሺ ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

ቀን ቀን ጋራዡ ሰው አያጣም። ይመጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ሻይ ያስመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ክፉው ምሽቱ ነው። መሣሪያውን ሰብስቦ፣ እጁን በናፍጣ ከዚያም በሳሙና ታጥቦ ሲጨርስ ግቢው ውስጥ የሚያናግረው ሰው የለም። ብቸኝነት ይሉት ነገር እሱን የሚይዘው እጁ ንጹሕ ሲሆን ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቀን ሳይታጠብ ይቆያል።

ሾፌሩ ሙዓዊያ የሚያድርበት ምሽት ግን ሌላ ነው። ሙዓዊያ የጭፍራ ልጅ ነው፤ ሚስቱና ትንሿ ልጁ አዳማ ይኖራሉ። ከጅቡቲ ጭኖ በገላፊ ድንበር ይገባል፣ ሰመራ ያድራል፣ በማግሥቱ አመሻሽ ላይ አዋሽ ይደርሳል። የሚነዳት አሮጌ ተሳቢ ከወንዙ ድልድይ ወደ ከተማው የሚያወጣውን ዳገት እያቃሰተች ስትጨርስ ራዲያተሯ ይፈላል። ሌላው ሾፌር ዳገቱን ጨርሶ መንገዱን ሲቀጥል እሱ ሀብተ ሥላሴ ግቢ ገብቶ ያድራል። አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም ስለሆኑ ሥጋ አያገናኛቸውም፤ የሚበሉት ሽሮ ነው። በጾምም በፍስክም ሽሮ። ከዚያ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ሙዓዊያ ያጭበረብራል፣ ያውም ዓይን ያወጣ ማጭበርበር፤ ሀብተ ሥላሴ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። እጅ ከፍንጅ ቢይዘው ጨዋታው ቶሎ ያልቃላ።

አንድ ቀን ሙዓዊያ ከጋቢናው ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ለሞተር አየር የሚያጭቅ፣ ያገለገለ ትልቅ ቱርቦ ነበር፣ አየሩን ከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለሩ ጋር።

«ጋሼ ሀብቴ፣ ይሄን ግጠምልኝ» አለ። «ባለንብረቱን ለምኜ ለምኜ እሺ አሰኘሁት። ‹ሠላሳ ፈረስ ከጨመረ ይኑር፣ ካልጨመረ አስፈትተህ ለሻጩ መልስ፤ ቁጥሩን ግን ከሀብተ ሥላሴ አፍ ነው የምቀበለው› ብሎኛል።»

«ምን አስቸኮለህ?»

«ልጄ ናታ! ባለፈው ስገባ በሩ ላይ አየችኝና፣ ‹እማ፣ ሰውዬው መጣ› አለቻት። ወላሂ ሳቅሁ፣ ግን በማግሥቱ ቱርቦ ልፈልግ ወጣሁ። ይቺ መኪና ዳገቱን ሳትፈላ ከወጣችልኝ እዚህ ማደር የለ፣ ምን የለ፣ በዚያው ቀን አዳማ እገባለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ይህን ሲል ፊቱ በርቶ ነበር። እዚህ ማደር የለም ያለውን ለማን እንዳለው ልብ አላለውም። ሀብተ ሥላሴ ጎንበስ ብሎ ቱርቦውን አየው፤ የውስጥ ክንፉን በጣቱ አሽከረከረው፣ ዘንጉን ነቀነቀው፣ እንከን ፈለገበት። ጥሩ ቱርቦ ነበር።

የእሱ አለካክ ተራ ነገር ነው። ያው ጭነት፣ ያው ዳገት፣ ያው ሾፌር። መኪናው ጭነቱን ይዞ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ በስንት ፍጥነት ረግቶ እንደሚወጣ ያያል። ማሻሻያው ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ያያል። ሸክሙና ዳገቱ ካልተለወጡ ፍጥነቱ በጨመረበት ልክ ጉልበቱም ጨምሯል ማለት ነው። የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። የቆላ መካኒክ ቀትር ላይ የመጣለትን መኪና በዚያው ሐሩር ይለካዋል፤ ሥራውን ግን ሲበርድ ሠርቶ በማለዳ ዳገት ያስወጣዋል። የማለዳ አየር ቀዝቃዛና ወፍራም ነው፣ ሞተሩ ደልቶት ይተነፍሳል፣ የራዲያተሩ ፋንም ብዙ ጉልበት አይሻማም። ከዚያ «ሃምሳ ፈረስ!» ተብሎ ይጨፈራል፤ ግማሹ ፈረስ ግን የንጋት አየር ነው። ሀብተ ሥላሴ ይህን ስለሚያውቅ የፊተኛውንም የኋለኛውንም ልኬት በአንድ ሰዓት ያደርገዋል። ታማኝ ያሰኘውም ይኸው ነው።

የሙዓዊያን መኪና መጀመሪያ የለካት በማለዳ ነበር። በሰዓት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ወጣች። ከዚያ ቱርቦውን ገጠመ፣ የናፍጣ ፖምፓውን አስተካከለ፤ እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሲያበቃ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። «በል አስነሣት፣ እንውጣ» አለ።

«አሁን? በዚህ ሐሩር?»

«ቶሎ እንገላገል ብዬ ነው» አለ። ለራሱም የነገረው ይህንኑ ነው፤ ለራሱ እንኳ በደንብ አልዋሸም።

አስፋልቱ ይጨሳል። ፋኑ ያጓራል። ሀብተ ሥላሴ ጋቢናው ውስጥ ከሙዓዊያ ጎን ተቀምጦ ቆጣሪውን ያያል። ሃያ ሰባት ላይ ረጋ።

«ከሃያ አምስት ሃያ ሰባት» አለ ሀብተ ሥላሴ። «ሞተሩን ሦስት መቶ ፈረስ ነው ብለን ብንነሣ፣ የጨመረው ሃያ አራት ነው።»

«ሃያ አራት?» ሙዓዊያ መሪውን እንደያዘ ቀረ። «ሠላሳ ለመሙላት ስድስት ጎደለው ማለት ነው? አንተ ደግሞ ቁጥር አትጨምርም።»

እውነቱን ነው፣ ሀብተ ሥላሴ ቁጥር አይጨምርም። ይቀንሳል ብሎ ግን ማንም ጠርጥሮት አያውቅም።

ግቢ ገቡ። ሙዓዊያ ጥላ ፈልጎ ሚስቱ ዘንድ ደወለ። ሀብተ ሥላሴ ቱርቦውን ሊፈታ ቁልፍ ይዞ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ይሰማዋል። «አልሆነም» አለ ሙዓዊያ። «አይ፣ ሌላ ቦታ ማስለካት አያስፈልግም። ጋሼ ሀብቴ ነው ያሰላው፣ እሱ ካለ አለቀ። በቃ፣ ለልጅቷ ምንም አትንገሪያት።»

ሀብተ ሥላሴ የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ። ሁለተኛውን አልፈታውም፤ የመጀመሪያውን መልሶ አጠበቀው። ከመኪናዋ ሥር ወጣ።

«ሙዓዊያ፣ አንፈታውም። ነገ ማለዳ እንደገና እንወጣለን።»

«ለምን?»

«የመጀመሪያውን በማለዳ ለካን፣ ሁለተኛውን በቀትር። ሐሩሩ በልቶብናል።»

«ውይ ጋሼ! ረስተኸው ነው?»

«አልረሳሁትም።»

ሙዓዊያ መሳቅ ጀምሮ ተወው። «ታዲያ?»

«እንዳታልፈኝ ነዋ!» አለ ሀብተ ሥላሴ፣ የተቆጣ ሰው ይመስል። «መኪናዋ ከበረታች ታልፈኛለህ። ታዲያ ከማን ጋር ላመሽ ነው? ንገረኛ!»

ሀብተ ሥላሴ ሙዓዊያ ቢናደድለት ይወድ ነበር። አልተናደደም። «እቆማለሁ ጋሼ» አለ። «ወላሂ በመጣሁ ቁጥር እቆማለሁ።»

«አትማል» አለው።

በማግሥቱ በማለዳ ዳገቱን ወጡ። ሃያ ዘጠኝ። አርባ ስምንት ፈረስ ማለት ነው። ሀብተ ሥላሴ «ለባለንብረቱ አርባ አምስት ብለህ ንገረው፣ ሦስቱን ለነፋስ እንተውለት» አለና ከጋቢናው ወረደ።

ሙዓዊያ እንዳለው ቆመ፤ አልቆመም እንዳይባል። መጀመሪያ ሻይ ለመጠጣት፣ ቀጥሎ ሞተር ሳያጠፋ ውሃ ለመጎንጨት። ባለንብረቱ መኪናዋ ፈጣን መሆኗን ካወቀ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር አልሰጠውም፤ እንዳራገፈ ተመልሶ ይወርዳል። የሚወቀስ ሰው ብትፈልጉ የለም። ልጅቷም አባቷን ለምዳዋለች። ሀብተ ሥላሴ ሽሮውን ለብቻው መብላት ጀመረ፤ እሱም ቢሆን አላልቅ ይለዋል።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ ሀብቴ! ከሰመራ ወጥቻለሁ። ዛሬ መቆሚያ የለኝም፣ ልጄ ‹አባ፣ ስንት ሰዓት ትመጣለህ?› እያለች ደጋግማ ደውላብኛለች። ግን ዳገቱ ጫፍ ላይ ብትወጣ እንተያያለን።»

ሀብተ ሥላሴ የመኪናዋን አዲስ ጉልበት፣ ጭነቱን፣ ሙቀቱን አስቦ የምትደርስበትን ሰዓት ገመተ። ሸሚዝ ቀየረ። እንዳያመልጠው ብሎ ከገመተው ቀደም አድርጎ ወጣ፤ እንዲያም ሆኖ ዳገቱ ጫፍ ሳይደርስ የመኪናዋን ድምፅ ሰማ። ሮጠ። በእሱ ዕድሜ መሮጥ አያምርም፣ ግን ሮጠ።

መኪናዋ ብቅ አለች። ድሮ እያቃሰተች ትወጣበት ከነበረው ማርሽ ከፍ ባለ ማርሽ ነበር የመጣችው፣ ሳትጨስ፣ ሳትፈላ። ሙዓዊያ ጡሩምባውን ለቀቀው፣ ግማሽ አካሉ በመስኮት እስኪወጣ ድረስ እጁን አውለበለበ፣ የሆነ ነገርም ጮኾ ተናገረ፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ሀብተ ሥላሴ በሁለት እጁ አውለበለበ። አቧራው ፊቱ ላይ አረፈ፣ ተሳቢው አለፈ።

ዞር ሳይል ቆሞ አዳመጠ። ማርሽ ስትቀይር ሰማት፣ እንደገና ስትጨምር ሰማት። «ከሃምሳም ሳትበልጥ አትቀርም» አለ ጮክ ብሎ። ለካ በራሱ ሥራ ላይ እንኳ ቀንሷል። ኮራ፤ ሠላሳ ዓመት መኪና ሥር ተኝቶ ያተረፈው ሁሉ ያቺ እየራቀች ያለች ድምፅ ውስጥ ነበር። ወዲያው ደግሞ፣ የሙዓዊያ ልጅ ደጅ ደጁን እያየች መሆኗን እያወቀ፣ የመኪናዋ ጎማ ቢፈነዳ ብሎ ከልቡ ተመኘ። እግዜር ይቅር ይበለው፣ በሙሉ ልቡ ነው የተመኘው። ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆሞ ጠበቀ። ጎማዋ አልፈነዳም።