ለውሻ የተጣለው ጉበት

ጎኔን የወጋኝ በኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስ በተከራየሁበት ግቢ ልብስ ሳጥብ። አሁን አልፏል፣ እርሺው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ከበሽታው ይልቅ እናቴ ያን ጊዜ የሆነችውን መርሳት አልቻልኩም።

ውጋቱ በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር ነበር። ከሰዓት በኋላ አንቀጠቀጠኝ፤ ከዚያ ትኩሳቱ ተከተለ። ሰው ማስቸገር ስለማልወድ በሬን ዘግቼ ተኛሁ። አከራዬ እትዬ የሺ ግን በመስኮት አይተውኝ ገቡ።

“አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ልትሞቺብኝ ነው? ኋላ ቤቱን ማን ይከራየኛል!” ብለው ቀለዱ። ደግፈውም ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

የኩላሊት ኢንፌክሽን ነው ተባልኩ። መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቄ ጨረስኩ። ትኩሳቱ ጠፍቶ ተመለሰ። ሌላ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ እንደገና ጠፍቶ ተመለሰ። ቀና ብዬ መሄድ ሲያቅተኝ ሆስፒታል ተኛሁ። እናቴ ከደምበጫ ገጠር መጣች። “ምች ነው” ብላ ዳማከሴ በፌስታል ቋጥራ ነበር።

አልትራሳውንድ የታየሁ ዕለት ሐኪሙ እኔን ትቶ እናቴን ጠየቃት።

“እናቴ፣ ቤት ውሻ አላችሁ?”

“ገጠር ያለ ውሻ ይኖራል እንዴ ጌታዬ? ጅቡን ማን ይመልሰዋል?”

“በግ ስታርዱ ጉበቱ ወይም ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ብታገኙት ምን ታደርጉታላችሁ?”

ጥያቄው ቀልሏት ፈገግ አለች። “ለውሻው ነዋ! ሆድ ዕቃውን የማጸዳው እኔ ነኝ። እንዲያ ያለውን ለሰው አላበላም። ልጆቼን በንጽሕና ነው ያሳደግሁ።”

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳን። ያ ውኃ የቋጠረው ነገር የትል ቤት ነው። ውሻ ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣና በእጅ ወይም በምግብ ወደ ሰው አፍ ይገባል። እኔ ውስጥ ምናልባት ከልጅነቴ ጀምሮ ሳያመኝ ሲያድግ ኖሯል። ኩላሊቴ ላይ ትልቅ ከረጢት ሠርቶ፣ አሁን በላዩ ሌላ ኢንፌክሽን ገብቶበት መግል ሆኗል። ውስጤ እንዳለ ከፈነዳ ለሕይወቴ ያሰጋል። ባሕር ዳር ሄጄ በቀዶ ጥገና ማስወጣት አለብኝ።

“ኩላሊቱ የሚተርፍ አይመስለኝም” አለ።

እናቴ ትክ ብላ እጇን ታይ ነበር።

እኔ አላዘንኩባትም። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ እህል የማልቀምሰው እኔም ይህን አላውቅም ነበር። ልነግራት ፈለግሁ። ግን ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መነጋገር አልለመድንም፤ እኔም አፌ ይያዛል።

ኩላሊቴ ወጣ። የትሉን መድኃኒት ለወራት ዋጥኩ። አሁንም ለምርመራ በሄድኩ ቁጥር፣ ደግሞ ጉበትሽ ላይ አለ እንዳይሉኝ እፈራለሁ፤ ከዚህ ፍርሃት የምወጣበት ቀን አይታየኝም። እናቴ ደግሞ በዓል ሲመጣ ቢላ አትነካም። ጎረቤት የምታስቅ ሴት ነበረች፤ ዛሬ ሰው ካልጠየቃት አትናገርም። እኔ ስድን እሷ ታማ የቀረች ይመስለኛል።

ሐኪሙ በነገረን ማግስት ጠዋት እትዬ የሺ ፍትፍት ላኩልን። እናቴ፣ እስከ ትናንት እምቢ ስላት እንኳ በግድ የምታጎርሰኝ፣ ሳህኑን አልጋዬ ላይ አስቀምጣ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

“አንችው ብይ” አለች። “የኔ እጅ ይቅርብሽ።”

ከሕመሜ የተነሣ የምግቡን ሽታ እንኳ አልቻልኩትም። ግን “እማ፣ ነይ” አልኳት። መጣች። እጇን ይዤ ፍትፍቱ ላይ አኖርኩት።

“አጉርሺኝ” አልኩ።

እጇ ከሳህኑ አልተነሣም። አፌን ከፍቼ ጠበቅኳት።